የእናቴ ክፍል በር

ማክሰኞ፣ ግንቦት ፲፪

ነገ እናቴ ከአንበሳሜ ስለምትመጣ የክፍሏን በር ዛሬ ራሴ ገጠምኩት። ከወረታ ገበያ ያመጣሁትን አሮጌ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ሶኬት ላይ ሰክቼ ስድስት ቀዳዳ በሳሁ። ጎረቤቴ እትዬ ጥሩነሽ ድምፁን ሰምተው መጡ።

«እሰይ! አናጢዎቹን ከሥራ ልታስወጪያቸው ነው» ብለው ሳቁና፣ «መብራት መጣልሽ እንዴ? እኛ ከትናንት ጀምሮ የለንም» አሉ።

እኔም ሳቅኩ። የኔ መብራት እኮ ከእሳቸው ቆጣሪ ነው የሚመጣው! ግን አምፖሉን ባበራው እምቢ አለ። መሰርሰሪያውንም ብጫነው ዝም። ወይ ጉድ!

እትዬ አንዱን ቀዳዳ በጣታቸው ነክተው እጃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ።

«ገና ትኩስ ነው» አሉኝ፤ አማትበው ወጡ።

በሩ እንከን የለውም። የእናቴን አልጋ ግን ከዚያ ክፍል አውጥቼ ከእኔው አልጋ አጠገብ ዘርግቼዋለሁ። ለምን ብላ ስትጠይቀኝ፣ ናፍቀሽኝ ነው እላታለሁ።