ስሙ የተቀየረው ፎልደር

ሆሳዕና፣ ማክሰኞ ኅዳር 7 ቀን 2003 ዓ.ም.

ዛሬ ኮምፒውተር ክፍላችን ጉድ ፈላ። ተማሪዎቹ ነገ የሚፈተኑበት የሒሳብ መልመጃ በየትኛውም ኮምፒውተር አልከፈት አለ። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ተርሚናል ከፍቼ የተሰበሩ ሊንኮችን፣ ማለትም የሚያመለክቱት ፎልደር የጠፋባቸውን አቋራጮች፣ ፈልግ ብዬ ሳዘው ስክሪኑ ሞላ። ሁሉም የሚያመለክቱት ላምቤቦ ወደሚባለው ፎልደር ነው፤ መልመጃውን ባዘጋጁት ጡረተኛ መምህር ስም የተሰየመ። ፎልደሩ ግን የለም።

ሊንኮቹን በአንድ ትእዛዝ ጠራርጌ ላጠፋ ስል፣ የዱራሜዋ ባልደረባዬ ማርታ ገብታ ስክሪኑን አየች።

«ኧረ ተው! ፎልደሩ አለ። ስሙን ቀይሬው ነው።»

«ለምን?»

አቀረቀረች። «የአማቴ ስም ነዋ! ተማሪ ፊት እንዴት አድርጌ ልጥራው?»

ምራት የአማቷን ስም እንደማትጠራ አውቃለሁ፤ እናቴም አያቴን በስማቸው ጠርታ አታውቅም። ልማዱ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል ብዬ ግን አላሰብኩም።

«ታዲያ ምን አልሽው?»

«የልጆቼ አያት።»

ቤት ውስጥም አማቷን የምትጠራቸው እንዲሁ ነው። ሁለታችንም ሳቅን። ሊንኮቹን በሙሉ ወደ «የልጆቼ አያት» አዞርኳቸው፤ መልመጃው ተከፈተ።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ አወራሁላት። ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም፤ እሷም አባቴን «እሳቸው» ትላለች እንጂ በስም ጠርታቸው አታውቅም። ከት ብላ ሳቀች።

«እኔም እስከ ሰኔ ነው የምቸገረው» አለችኝ። «ከዚያማ የልጄ አያት እላቸዋለሁ።»

እራቱ ቀርቧል፣ እኔ ግን መቀመጥ አቅቶኛል። ነገ በጠዋት ለአባባ እደውላለሁ፤ አዲስ ስም እንደወጣላቸው ገና አልሰሙም።