ማቆሚያው ላይ የረሳኋት ሰይፍ

አስሜ፣ የኔ ሰው፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ሆነ። ቤቱ እንዳለ ነው። የበረንዳው ጠረጴዛህ ላይ አሁን ልብስ አጥፋለሁ፤ መበየጃህን ሮቫ ቫቭ ሰፈር ላለው ጓደኛህ ሰጠሁት። የሕንጻው ልጆች በራችንን ዛሬም "የሰይፉ ቤት" ይሉታል።

ያልነገርኩህ ነገር አለ። ከአባትህ ጋር የሠራችኋት የመጨረሻዋ ሰይፍ የለችም።

ለልጆቹ ለፑሪም በዓል መጫወቻ የምትሠራቸው ሰይፎች ከአሉሚኒየም ቱቦ፣ ከትንንሽ መብራቶችና ሳንቲም ከምታክል ድምፅ ማጉያ ነበሩ። ጥፍር የምታህል ኮምፒዩተር፣ ማይክሮኮንትሮለር የምትላት፣ ሰይፉ ሲወዛወዝ እንዲያጉረመርም፣ ሲጋጭ እንዲጮኽ ታዘዋለች። የዚችን እጀታ ግን አባትህ ቀጠቀጡት። አገር ቤት ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እየተባሉ የኖሩ ሰው፣ እዚህ እስራኤል ከገቡ ወዲህ ብረት አልነካም ብለው የማሉ ሰው፣ ባንተ ልመና መዶሻ አነሡ። አንተ የድምፅዋን ትእዛዝ ኮምፒዩተርህ ላይ ስትጽፍ እሳቸው በሞረድ እየፋቁ፣ "የኔው ይሻላል፤ ያንተ ባትሪ ይፈልጋል" ሲሉህ እንዴት እንደሳቅን።

የሠላሳ ቀን ሐዘንህ ካለፈ በኋላ ድምፅዋ ይቆራረጥ ጀመር። ጓደኛህ ዘንድ ወሰድኳት፤ የላላ ሽቦ አጥብቆ መለሰልኝ። ስመለስ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ከነጥቁር ከረጢቷ ረሳኋት። ሁለት ፌርማታ ሄጄ ትዝ አለኝ። ሮጬ ስደርስ መንገዱ ተዘግቷል። ጊዜውን ታውቀዋለህ፤ ሽቦና ባትሪ ያለበት፣ ባለቤት የሌለው ከረጢት ቦምብ ይሆናል ተብሎ በፖሊስ ሮቦት እንጂ በሰው እጅ አይነካም። "ሔሬቭ ነው! የባሌ ሔሬቭ ነው!" እያልኩ በዕብራይስጥ ጮኽኩ። ሰይፍ ነው ብሎ መጮኽ ሰው እንደማያረጋጋ የገባኝ የፖሊሱን ፊት ሳይ ነው። ሮቦቱ ገፋ አደረጋት። አንተ እንዳዘዝካት ጨርቁ ውስጥ ሰማያዊ በራች፣ አጉረመረመችም። ያኔ ተኮሱባት።

በየሰይፉ ላይ "መጫወቻ ነው" ብለህ ከነስልክ ቁጥራችን የምታስራትን ወረቀት ፈትቼ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። የእጅህ ጽሑፍ ናት፤ እንዳትጠፋብኝ ብዬ።

አባትህ በየዓርቡ ሲጠይቁኝ፣ "ገና እየተጠገነች ነው" እያልኩ ስድስት ወር ዋሸኋቸው። ባለፈው ዓርብ ጠዋት ግን አቃተኝና ሁሉንም ተናገርኩ። እሳቸውም፣ "በርታ ነበር?" አሉኝ።

"በርታለች አባ፤ ድምፅም አሰምታለች።"

"እንግዲያ ልጄ ሥራውን አላበላሸም" አሉና የተረፈውን እንዳመጣ አዘዙኝ። ፖሊሶቹ የሰጡኝን ፌስታል ፊታቸው ዘረገፍኩት። እጀታው ተጣሟል እንጂ አልተሰበረም። በመዳፋቸው አገላብጠው፣ "ይቀናል" አሉ። ከእሁድ ጀምሮ በረንዳህ ላይ እየቀጠቀጡ ነው። የታችኛዋ ጎረቤት ሁለቴ ልትቆጣ መጣች፤ ሁለቴም እሳቸውን አይታ ተመለሰች።

ድምፁን ግን የሚመልሰው የለም። ጓደኛህ ኮምፒዩተርህን ቢፈትሽም የጻፍከውን ትእዛዝ አላገኘውም፤ አሠራሩን የምታውቀው አንተ ብቻ ነበርክ። ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት እኔ ነኝ፦ ወፍራም፣ ዝቅ ያለ፣ ማብቂያው ላይ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ። ብረቱን አባትህ ይያዙት። ድምፁን እኔ ይዤዋለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ አልረሳውም።

ያንተዋ ወርቄ
ሮቫ ጊሜል፣ አሽዶድ