እኛ ቤት አይጠራም

ዓርብ፣ ግንቦት 22

ለምኮራብሽ እህቴ፣ ለሚጣዬ፤

እንዴት ነሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? ትናንት ማታ ድምፅሽ ሻከር ብሎ ሰማሁት። በስልክ ላወራሽ አስቤ ነበር፤ ግን «ምን ሆነሻል?» ስትዪኝ አፌ እንደሚተሳሰር ስለማውቀው ወረቀት ይሻለኛል አልኩ።

አባዬ ደህና ነው። እግሩ እንደ ድሮው ባይሆንም ከዘራውን ይዞ ደጅ ይወጣል። እኔም ያው ስፌቴ ላይ ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም ተከምሮብኝ ቀና ማለት የለም።

የምጽፍልሽ ስለ ቴሌቪዥኑ ነው።

እዚያ ጣቢያ ከገባሽ ወዲህ አባዬ ማታ ማታ እንዴት እንደሚሆን አላየሽም። ዜናው ቢያልፍ፣ ድራማው ቢያልፍ ግድ የለውም። አንቺን ነው የሚጠብቀው። የምሽቱን ፕሮግራም አንብበሽ ስትጨርሺና ጣቢያው የሚታይባቸውን ከተሞች መዘርዘር ስትጀምሪ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ጡረታ መውጣቱን ረስቶ የአውቶቡሱን መሪ የጨበጠ ነው የሚመስለው። አንቺ የከተማውን ስም ትጠሪያለሽ፣ እሱ መንገዱን ይነግርሻል። «እዚህ ጋ ኩርባው ክፉ ነው!» «እዚህማ ጎማ ፈንድቶብኝ አድሬበታለሁ!» የኛ ከተማ ላይ ስትደርሺ ደግሞ «ደረስን፣ ውረዱ!» ብሎ ይስቃል።

እኔ ያን ጊዜ እግሩን እያሸሁለት ነው። አንዲት ቃል ከተነፈስኩ «እሽሽ! እየተናገረች እኮ ነው» ይለኛል። ላማርር ብዬ አይደለም። አንድ ሰሞን ትኩሳት ይዞኝ አጠገቡ ስንቀጠቀጥ፣ ስክሪኑን እያየ «ይቺ ልጅ ከሳች፤ ማን ያበላታል?» አለ። ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ ስቄያለሁ።

ባለፈው ወር ጣቢያችሁ ፍሪኩዌንሲ ሲቀይር ምስሉ ጠፋብንና የዲሽ ሠራተኛውን ጠራሁት። የዚያን ዕለት ጠዋት አባዬ ፊቱን ሳጥበው «ተባረኪ ሚጣዬ» ብሎኝ ነበር። ተሳስቶ ነው፤ እርጅና ነው። ሠራተኛው ጣራ ላይ ወጥቶ ዲሹን አስተካከለና ወርዶ ቻናሎቹን ሲያስገባ አንቺ ብቅ አልሽ።

«ይቺን የት ላድርጋት? አንደኛ ላይ?» አለኝ።

«አጥፋት» አልኩት።

«እንዴ! ሰው ሁሉ የሚፈልገው እኮ እሷን ነው።»

«አባቴ ደም ብዛት አለበት። ሲያያት ይረበሻል።»

ደም ብዛት እንዳለበት አንቺም ታውቂያለሽ።

ማታ አባዬ ሪሞቱን ሲነካካ ቆየና «የታለች?» አለ።

«ጣቢያው ወደኛ መድረስ አቁሟል አባዬ። ከከተሞቹ ውስጥ አውጥተውናል።»

ሪሞቱን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «እሷስ? እኛን ሲያወጡን ዝም ብላ አየች?»

«ደውዬላት ነበር። እጄ የለበትም አለችኝ።»

አልደወልኩልሽም። ይቅር በይኝ። ሰሞኑን ስትደውዪ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ቶሎ የሚዘጋብሽ በዚህ ነው። ኩሩ ስለሆነ አንቺን አይጠይቅሽም፤ እኔም ኩሩ መሆኑን አውቄ ነው የዋሸሁት።

ባለፈው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ፀጉሩን ሊቆረጥ ሄደ። ሲቆይብኝ ተከተልኩት። በመስታወቱ በር ሳይ፣ ግማሽ ፀጉሩ ተቆርጦ ግማሹ እንዳለ፣ ነጩን ጨርቅ ለብሶ ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሯል። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ይዞ ቆሟል። አንቺ ከተሞቹን ትጠሪያለሽ። የኛን ስትጠሪ አባዬ አልሳቀም። ዞር ሲል በሩ ላይ አየኝ።

ክንዱን ይዤ ስንመለስ ምን እንደምለው ሳሰላስል ቀደመኝ።

«የሱ ዲሽ ከኛ ሳይሻል አይቀርም» አለ።

«አዎ አባዬ» አልኩት። ማምለጫ ሲሰጠኝ ሮጬ አመለጥኩበት፣ ሚጣዬ። ያን ጊዜ ብነግረው ኖሮ!

ሰኞ ሠራተኛውን መልሼ ጠርቼ አንደኛ ላይ አስገባሁሽ። ማታ ወንበሩን ደልድዬ «አባዬ፣ መጣችልህ!» ብዬ ተጣራሁ። እሱ ኮቱን እየለበሰ ነው። «ጢሜን ልላጭ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እዚያው ፀጉር ቤት ይላጫል። ጉንጩ የሕፃን መስሏል፤ ሰፈሩ «ሙሽራው» ይለው ጀምሯል። ትናንት በሩ ላይ ቆሜ «እዚህም እኮ ይታያል» አልኩት።

«አይ፣ እኛ ቤት አይጠራም» አለኝ። አልተቆጣም። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወጣ። ቢቆጣኝ በስንት ጣዕሙ!

እንግዲህ ልለምንሽ። እረፍት ሲሰጡሽ ነይ። ሳትመጪም በፊት «እታለም ስለ ጣቢያው ደውላልኝ አታውቅም» ብለሽ ንገሪው። እኔ ፊቱ ስቆም አንደበቴ አልታዘዝ እያለኝ ነው። በኔ ላይ ይዝነብ፣ በአንቺ ላይ ግን ቅሬታ አይያዝ። አይጠራም ካለሽ ደግሞ አትመኚው። ይጠራል። የጆሮ ጌጥሽ ሳይቀር ይታየኛል፤ ባዶው ወንበር አጠገብ ተቀምጬ እስክትጨርሺ አይሻለሁ። እውነትም ከስተሻል፤ ብዪ እንጂ።

ፈጣሪ ድምፅሽን ያቆይልን፤ ደጅሽን ሰላም ያድርገው። ከምቀኛ ዓይን ይሰውርሽ፤ ከሩቁም፣ ከቅርቡም።

እህትሽ
እታለም