ያልታወቀ ፋይል ያላሳለፉት የአቶ ዳምጤ ዳልጮ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዳምጤ ከአባታቸው ከሸማኔው ከአቶ ዳልጮ ጋሻዬ፣ ከእናታቸው ከወ/ሮ ወርቂቱ ካሱ በኅዳር 1937 ዓ.ም. ዶርዜ ተወለዱ። ደቃቃ ሕፃን ስለነበሩ ታላቅ እህታቸው ወ/ሮ ሻሺቱ ብርድ እንዳይመታቸው ጋቢ ሲደራርቡባቸው ሊያፍኗቸው ነበር ይባላል፤ ወ/ሮ ሻሺቱ ግን ተጋኗል ይላሉ።

በዶርዜና በአርባ ምንጭ ተምረው በ1957 ዓ.ም. እዚያው አርባ ምንጭ በጽሕፈት ሥራ ተቀጠሩ። በ1964 ዓ.ም. ከወ/ሮ ወርቄ ኃይለመስቀል ጋር ተጋብተው ሳባንና ሚካኤልን አፍርተዋል።

በ1987 ዓ.ም. መሥሪያ ቤታቸው ኮምፒውተር ሲያስገባ ኃላፊነቱ ለእሳቸው ተሰጠ። ወ/ሮ ሻሺቱም ኤሌክትሪክ እንዳይዛቸው የጎማ ጫማ ገዝተው አመጡላቸው።

ለማያውቅ ሰው፣ የኮምፒውተር ፋይል ሁሉ እንደ ጣት አሻራ የራሱ ሠላሳ ሁለት ቁጥርና ፊደል አለው፤ ከፋይሉ አንዲት ነጥብ ብትነካ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። አቶ ዳምጤ የታወቁትን አሻራዎች በደብተር ይዘው፣ በዲስክ የመጣውን ሁሉ ሳያመሳክሩ አያስገቡም ነበር።

በ1990 ዓ.ም. የሠራተኞች መዝገብ ፕሮግራም ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ። አሻራው ላኪው በደብዳቤ ከጻፉት ጋር አልገጠመም። አቶ ዳምጤም አላስገባም አሉ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ጌታነህ በሦስት ቀን ካላስገቡ ከሥራ እንደሚታገዱ በጽሑፍ አስጠነቀቋቸው።

ወ/ሮ ሻሺቱ «አንተ ልጅ፣ ለአንድ ዲስክ ብለህ እንጀራህን ልታጣ ነው? ዝም ብለህ አስገባውና ተገላገል!» ብለው ለመኗቸው። እሳቸውም «እትዬ፣ በር ሲንኳኳ ማነህ ሳትዪ ትከፍቻለሽ?» አሏቸው። ወ/ሮ ሻሺቱም በዚያው ቀን ለበራቸው ሁለተኛ ቁልፍ አስገጠሙ።

በሦስተኛው ቀን አቶ ዳምጤ ቴሌ ሄደው ለላኪው ለአቶ ገብረ ማርያም ደወሉና ሠላሳ ሁለቱን አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡ። የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። አብረዋቸው የሄዱት ወ/ሮ ሻሺቱ በሰላይነት እንዳይያዙባቸው ሰልፈኛውን እየዞሩ «የቢሮ ነው፣ የቢሮ ነው» ሲሉ ይበልጥ አስጠረጠሯቸው። አቶ ገብረ ማርያምም «ይህ እኔ የላክሁት ፋይል አሻራ አይደለም» አሉ፤ ለካ ዲስኩ በመንገድ ላንቴ ከተማ በተጫነ ሙዝ ሥር ታሽቶ ተበላሽቶ ኖሯል። ሌላ ዲስክ በሾፌሩ ደረት ኪስ መጣ፤ ሠላሳ ሁለቱም ገጠሙ። በዚያው አውቶቡስ የመጣለትን ዲስክ ሳያመሳክር ያስገባ ሌላ መሥሪያ ቤት ግን መዝገቡ ተደበላልቆበት ለሦስት ሟቾች የሥልጠና ጥሪ ላከ። አቶ ጌታነህ ማስጠንቀቂያውን በእጃቸው ቀደው፣ በሠራተኛው ፊት ይቅርታ ጠየቁ።

አቶ ዳምጤ በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 14 ቀን 1991 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ዛሬ አያት የሆኑትን እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ታላቅ እህታቸው ቀድመው መንገዱን ሳያዩላቸው የሄዱት ይህ የመጀመሪያው ጉዟቸው ነውና፣ ሁሉን በስሙ ለይቶ የሚያውቅ አምላክ በደጁ ሳያስቆም ይቀበልልን፤ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን። አሜን።