የአባባ የጥርስ ላስቲክና የእኔ ሽማግሌዎች

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድምዓለም አካለ ወልድ፣

እንደምን ሰንብተህልኛል? ጤናህስ እንዴት ነው? ባለቤትህ እየሩስ ደኅና ናት? ልጃችን ወንጌላዊትስ ፊደል ያዘች ወይስ አሁንም ቤቱን እያመሰች ነው? የጅግጅጋ ሙቀት እንዳያከሳህ እናታችን ትሰጋለች። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የጤፍ አጨዳ ይዘናል።

አንተ ደብረ ማርቆስ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ካደረስካቸው ወዲህ የአባባ መንጋጋ እየተስተካከለ ነው፤ ሲበሉ ቀጭ ቀጭ ማለቱም ቀርቷል። ያ ጥርሳቸው ላይ የሚያጠልቁት ለስላሳ ላስቲክ ግን ጉድ አፍልቷል። ሐኪሙ «ሌሊቱን ሙሉ፣ ቀን ደግሞ ለሁለት ሰዓት ያድርጉት፤ አፍዎን ገጥመው፣ ወሬ የለም» ስላሏቸው እንደ ንስሐ አባት ቃል ያከብሩታል። እናታችንም የሠላሳ ዓመት ብሶቷን የምታወጣው በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ነው።

የሉማሜውን የከብት ሐኪም ምስጋናውን ታውቀዋለህ። ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ስሰማ የአባባ ነገር አሳሰበኝ። አምና ከሌላ ሰው ተልከው የመጡትን ሽማግሌዎች አባባ «ሰባት ቤት እንቁጠር» ብለው ከቀትር እስከ ማታ ሲቆጥሩባቸው ዋሉና ከማይታወቅ ቅድመ አያት አዛምደው ሸኟቸው። ለዚያኛው ግድ አልነበረኝም፤ ምስጋናውን ግን እወደዋለሁ። እናታችን አስቀድማ ከአክስቱ ጋር ቆጥራ ዝምድና እንደሌለን አረጋግጣለች።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ በመስኮት አየሁና ላስቲኩን አጥቤ «አባባ፣ ሰዓትዎ ደርሷል» አልኋቸው። ላንተ ብቻ ልናዘዝ፣ ገና ነበር።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ። አባባ «እምም» አሉ። «ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» እንዲሉ ቢጠበቅ አሁንም «እምም»። በመጨረሻ እጃቸውን ሲያነሡ ከሽማግሌዎቹ አንዱ መምሬ ወልደ ሰንበት ምርቃት መስሏቸው «አሜን!» አሉ፤ ሁሉም ተከትለው «አሜን!» ብለው ቁጭ። እናታችን ጠላውን ለማቅረብ አልዘገየችም። ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ።

እንግዶቹ ሲወጡ ግን ጥፋቴ አላስቀምጥ አለኝ። እግራቸው ላይ ወድቄ ሰዓቱን እንዳታለልኋቸው ነገርኋቸው። አባባ ላስቲኩን አወጡና በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው «አንቺ ሞኝ፣ ይህ እኮ ሲፈልጉ የሚወልቅ ነው» አሉኝ። እንባዬ መጣ።

ለጥር ሳትቀሩ ኑልኝ። እየሩስን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ወንጌላዊትን እስክትጮህ እቀፍልኝ። እናታችን በጣም ናፍቃሃለች፤ አባባም ሁላችሁንም ይመርቃሉ።

እህትህ እስከዳር

አማኑኤል፣ ኅዳር 13 ቀን 2015 ዓ.ም.