ሽማግሌ የማያስታርቀው ድልድይ

ጉለሌ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበሩት ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ክረምት የሚቀሰቅሰው የጉልበትዎ ቁርጥማት ለቀቅ አደረገዎት ወይ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ንዴት ካልገደለኝ በቀር። ቤትዎ ብመጣ በሩን አስዘጉብኝ፤ ይኸው በወረቀት መጣሁ።

እርስዎ የላኩዋቸው ሽማግሌዎች ትናንት ደርሰዋል። አቶ ጉታና አለቃ ወልደ ሥላሴ ገና ከመቀመጣቸው፣ ወንድምሽ የሠራው ድልድይ ጠንካራ ነው ብለሽ የምርመራውን ወረቀት ፈርሚለት፣ ታረቁ አሉኝ። እኔ ከእርስዎ ጋር ምን ጠብ አለኝ? ጠቡ የሲሚንቶውና የአፈሩ ነው። ለትዳር፣ ለድንበር ሽማግሌ ይላካል፤ አርማታ ግን ሽማግሌ አይሰማም።

በምህንድስና ኮሌጁ ቤተ ሙከራ ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ አሸዋ አጣቢዋ ይሉኛል። ይበሉኝ! ከጉለሌ ወንዞች አሸዋ እያመጣሁ ሳጥብ፣ ከሲሚንቶ ጋር ሳቦካ፣ ሲደርቅ በመጭመቂያ ስሰብር የከረምኩት በከንቱ አይደለም። የሰፈራችን ወንዝ አሸዋ አፈር ይበዛበታል፤ ካልታጠበ ሲሚንቶው አይይዘውም። ይህን መሠረቱ ሳይቆፈር ነግሬዎት ነበር፤ ሳቁብኝ። ሳያሳጥቡ አስቦኩት። ለዘውድ በዓል ይድረስ ብለውም አርማታው ሳይጠነክር ደግፎ የያዘውን እንጨት አስነቀሉት። ከዚያው ከድልድዩ ቡኮ የተወሰደውን ናሙና መጭመቂያው ውስጥ ሳስገባው ከሚገባው ግማሹን እንኳ ሳይሸከም ፈረሰ። በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። አለቀስኩ፣ ወንድም ጋሼ። ከዚያ በኋላ ነው የተናደድኩት።

አለቃ፣ ሴት ልጅ ያሳደጋትን ወንድሟን በአደባባይ አታዋርድም ብለው ገሠጹኝ። ሰው የሞላበት መኪና ወንዝ ከሚገባ ውርደት ይሻላል አልኳቸው። አልፈርምም። ከሥራ ቢያስወጡኝም አልፈርምም። ሌላ ፈራሚ እንደማያጡ አውቃለሁ፤ የእኔን እጅ ግን አያገኙትም።

አንድ ነገር ብቻ ገረመኝ። ሁለቱም ሽማግሌዎች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበሩ። ድልድዩ እያለ በየት መጣችሁ ብላቸው፣ የእርስዎ ሹፌር ድልድዩ አፍ ላይ አውርዶ በታች በኩል በውኃው ተሻገሩ አላቸው አሉኝ። ለምን ቢሉት፣ ጌታዬ በድልድዩ ማንንም እንዳታሻግር ብለው አዘውኛል አለ። እግራቸውን የሚታጠቡበት ውኃ አሙቄ አቀረብኩላቸው።

እማዬ ሽሮ ሜዳ ለምርቃቱ ነጠላ አሠርታለች። መንገዱ ሲከፈት መጀመሪያ በሚያልፈው የጭነት መኪና ላይ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ ልትሻገር ነው። እባክሽ ቅሪ ብላት ሳቀችብኝ፤ ልጄ የሠራውን ልፈራ ነው እንዴ አለች። እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት፤ በወንድምሽ ቀናሽ አለችኝ። እኔን አታምነኝም፣ እርስዎን ነው የምታምነው። ስለዚህ ወይ ድልድዩን ያስፈርሱት፣ ወይ የዚያን ዕለት አጠገቧ ይቀመጡ።

ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ልጆችዎን ያሳድግልዎት፣ ልቡናም ይስጥዎት።

እምቢ ያለችዎ ታናሽ እህትዎ