የአባዬ ታርጋ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ሀርጌሳ

የምንሠራውን የፕሮግራም ኮድ የምናስቀምጥበት ድረ ገጽ ስንት ዓመት የተቀበለኝን ፓስወርድ ዛሬ አልቀበልም አለ። ፓስወርዴ የአባዬ የጭነት መኪና ታርጋ ነው። ደንበኛው ደግሞ ሥራውን ከዙህር ሰላት በፊት ይፈልገዋል። ደጋግሜ ስጽፍ አጠገቤ የምትሠራው ሆዳን ሳቀችብኝ። «ወላሂ አንተ! ፓስወርድ ይበል እንጂ አሁን የሚፈልገው ቶክን፣ ራሱ ድረ ገጹ የሚሰጥህን ረጅም ቁልፍ ነው። ከዚያ አውጣና እዚያው ለጥፍ።»

አወጣሁ። ማንም በቃሉ የማይዘው የፊደልና የቁጥር ጋጋታ ነው።

ልጅ ሆኜ ጅግጅጋ መንገድ ዳር ቆሜ ከበርበራ የሚመጡትን መኪኖች ታርጋ አነብ ነበር። የአባዬን ሳይ «መጣ!» እያልኩ ወደ እማዬ እሮጣለሁ። መኪናው ከተሸጠ፣ እሱም ካረፈ ቆየ። ያንን ቁጥር የማነሳው ጠዋት ጠዋት ኮድ በምልክበት ጊዜ ብቻ ነበር።

ቶክኑን ስለጥፍ ኮዱ ወዲያው ሄደ። ሆዳን «ኮምፒውተሩ ይዞታል፤ ከእንግዲህ አይጠይቅህም» አለችኝ። ደስ እንዲለኝ ብላ ነው።